አስራ ሰባት የሚለው ጎማ

ከማሉዲን «የለም» ማለት አይሆንለትም ነበር። ከባቲ ወርዶ አዋሽ ላይ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ደንበኛ ባዶ እጁን ከደጁ ሲመለስ ማየት ውርደት መስሎ ይታየዋል። የተጠየቀው ዕቃ ከሌለው ከጎረቤት ሱቅ ያመጣል፤ ጎረቤትም ካጣ አዳማ ደውሎ በማግስቱ በሚመጣ መኪና ያስጭናል። «ከማል ጋ ያልተገኘ አዋሽ ውስጥ የለም» ይባላል። ይህን ሲሰማ የጠረጴዛውን አቧራ ይጠርጋል እንጂ መልስ አይሰጥም፤ ውስጡን ግን ደስ ይለዋል።

በጎማ ነገር ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ደንበኛው መጠኑን ነግሮት ገንዘቡን ቢያወጣም እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው መንገዱን ነው። የት ትነዳለህ? ሰው ትጭናለህ? ከአስፋልት ትወጣለህ? መልሱን ሰምቶ ነው ወደ መደርደሪያው የሚዞረው። ባለ ሞተሮቹም ይህን ስለሚያውቁ እሱ ይሁን ያለውን ይዘው ይሄዳሉ። ዋጋ ላይ ይከራከሩታል፤ ምርጫ ላይ ግን የሚከራከረው የለም።

መምህርት ዕፀገነት የመጣችው በሁለት ሺህ አስራ ሰባት ዓመተ ምህረት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አዋሽ አርባ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች፤ የምትኖረው ግን አዋሽ ከተማ ውስጥ ከታላቅ ወንድሟ ከስዩም ጋር ነው። ታክሲ ስትጠብቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እያመለጣት ስለተቸገረች በቁጠባዋ ሞተር ገዝታ በየቀኑ እየነዳች ትመላለሳለች። በዚያ መንገድ ሞተር የምትነዳ ሴት እሷ ብቻ ስለነበረች የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ያውቋታል። ወንድሟ አልወደደላትም። ጎረቤቱም አልወደደላትም። እሷ ግን የራስ ቁሯን አጥልቃ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ከኋላ አስራ ትሄዳለች።

የፊቱም የኋላውም ጎማዋ ስላለቀ ሁለቱንም ልትቀይር ነው የመጣችው። የልቧ ሐሳብ የመስክ ሠራተኞች የሚያስገጥሙት፣ ጥርሱ የጎላ ትልልቁ ጎማ ነበር፤ ጠንካራ ስለሚመስል። ከማሉዲን አንዱን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለላት። ይህ ለአሸዋና ለድንጋይ ነው፣ አስፋልት ላይ ግን መንገዱን የሚይዘው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ይጮኻል፣ ቶሎ ይበላል፣ እርጥብ ላይ ሲሆን ደግሞ ይከዳል አላት። ቀጥሎ ሌላ አመጣ፤ ጥርሱ የተቀራረበ፣ መሐል ለመሐል ውኃ የሚያስወጣ ቀጭን ቦይ ያለው። ለእለት ተእለት የከተማና የአስፋልት መንገድ የሚሆነው ይህ ነው አለ። ጎማው በጣም ከለሰለሰ የአዋሽ ሙቀት በአንድ ዓመት እንደሚጨርሰው፣ በጣም ከጠጠረም መንገዱን እንደማይጨብጥ፣ ንፋስም ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ መለካት እንዳለበት ነገራት። ይህን ሁሉ የነገራት ከልቡ ነው። አንድም ውሸት አልነበረበትም።

ዕፀገነት ሳቅ ብላ «እንግዲህ ለልጅዎ እንደሚመርጡ አድርገው ይምረጡልኝ፣ ጋሽ ከማል» አለችው።

የፊቱ ጎማ ነበረው፤ አዲስ፣ ወረቀቱ ያልተቀደደ። የኋላው በዚያ መጠን አልቆበታል። አዲሱ ጭነት በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ እንደሚገባ ያውቃል። «አንድ ሳምንት ብትታገሺኝ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሱቁ በስተጀርባ ባለው ኮንቴነር ውስጥ በዚያው መጠን፣ በዚያው ዓይነት ሦስት ጎማዎች አሉ። ጭፍራ ከተማ ሱቁን ሊዘጋ ከነበረ ሰው ሲገዛቸው አራት ነበሩ፤ አንዱን ቀደም ብሎ ሸጦታል። ሰውየው ጋ ስንት ዓመት በቆርቆሮ ስር እንደተጠበሱ አልጠየቀም። እሱም ጋ ከመጡ በኋላ በብረት ኮንቴነር ውስጥ ሁለት በጋ ከርመዋል። ደርቀዋል፤ ጥፍሩን ሲያሳርፍባቸው እንደ አዲስ ጎማ አይሰረጉዱም። ያውቃል።

ሄደና አንዱን አወጣ። ከኮንቴነሩ ጀርባ ቆሞ የጎማ ማጥቆሪያ ዘይት ቀባው፤ በጨርቅ ወለወለው፤ አብረቀረቀ። ርቀቱ አጭር ነው፣ ልጅቱም እንደ ወንዶቹ አትከንፍም፣ ዝናብ የሌለበት አገር ነው ብሎ ለራሱ ተናገረ። ይዞላት ገባ።

ዕፀገነት እንደ ሌላው ደንበኛ አልነበረችም። ጎማውን አገላብጣ ጎኑን መመርመር ጀመረች። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት እንደሚናገሩ ስልኳ ላይ አንብባ ነበር። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈች፤ ዜሮ ሦስት አስራ ሰባት።

«ሦስተኛው ሳምንት፣ አስራ ሰባት» አለች። «በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ነዋ የተሠራው?»

ከማሉዲን ጎማውን አየ። ፋብሪካው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የፈረንጁ አስራ ሰባት በእኛ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው፤ ጥር። ጎማው ስምንት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

«አስራ ሰባት ነው» አላት።

«ሁለት ወር ሳይሞላው አዋሽ ደረሰ?»

«ጅቡቲ እኮ ሩቅ አይደለም።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ጎማዎቹን የገጠመው አጠገቡ የሚሠራው ጎሚስታ እሸቴ ነው። እሸቴ የኋላውን ጎማ ከቸርኬው ጋር ሲያጋጥም ብረቱን ሁለቴ ሦስቴ አስገብቶ ታገለ፤ ላቡን ጠረገና ቀና ብሎ ከማሉዲንን አየው። ከማሉዲን ወደ ሱቁ ገባ።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሌላ ጣጣ መጣባት። ታኅሣሥና ጥር ላይ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ አደረ፤ ከፊሉም አገር ለቆ ሄደ። ዕፀገነትና ወንድሟም ደብረ ብርሃን እናታቸው ዘንድ ከረሙ። ሞተሯ ቤት ውስጥ ቆመ። ከማሉዲን ጎማውን ረሳው። ወይም የረሳው መሰለው።

ረመዳን ገብቶ አጋማሹ ላይ፣ መጋቢት ወር ውስጥ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳይታሰብ ዘነበ። ብዙ አልነበረም፤ ግን የበጋውን አቧራና የመኪና ዘይት ጠጥቶ የከረመ አስፋልት ላይ የወረደ ስለሆነ መንገዱ ሳሙና ሆነ። ዕፀገነት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የአዋሽን ወንዝ ድልድይ አልፋ ኩርባው ላይ ፍየሎች ገቡባት። ፍሬን ያዘች። የኋላው ጎማ ወደ ጎን ሄደ፤ ሞተሩ ተጋድሞ ከነሷ ተንሸራተተና ቀኝ እግሯ ከስሩ ቀረ። ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮች ናቸው አንስተው አዋሽ ያደረሷት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር በዚያው ቀን አዳማ ተላከች።

ከማሉዲን ወሬውን የሰማው ከቀትሩ የዝሁር ሶላት ሲወጣ ነው። ከመስጊዱ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ይነጋገሩ ነበር። አንዱ ፍየሎቹን ረገመ፣ አንዱ ዝናቡን፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሴት ልጅና ሞተር ምን አገናኛቸው አሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከማሉዲን የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ ሊያጠልቅ ሲታገል፣ ጾም ነው ብለው አንድ ጎረቤቱ ትከሻውን ደገፉት።

ሞተሩን ማታውኑ በጭነት ባጃጅ አምጥተው እሸቴ ደጅ ጣሉት። በማግስቱ ከማሉዲን ሱቁን ሲከፍት እሸቴ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ማጥቆሪያው ታጥቦ ሄዷል። በጥርሶቹ መካከል እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ብሏል። እሸቴ በጥፍሩ ነካው፤ እንደ ፕላስቲክ ቀጭ አለ።

«ስገጥመው አውቄዋለሁ» አለ እሸቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተም ዝም አልክ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

ከማሉዲን ከፊቱ ጎንበስ አለ። ጎማውን አንስቶ ወደ ኮንቴነሩ ወሰደና ከቀሩት ሁለቱ ጋር አስቀመጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሶላት ሲገባ የለመደውን የፊት ሰልፍ ትቶ ከኋላ ከግድግዳው አጠገብ ይቆም ጀመር። ማፍጠሪያ ላይ ሚስቱ ሃፍሳ የሠራችለትን ሳንቡሳ እያገላበጠ ይተዋል። ምን ሆነህ ነው ስትለው ሆዴን ነው ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ሆዱን እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ግን አልገፋችውም።

ዕፀገነት ከዒድ በኋላ እግሯ ውስጥ ብረት ገብቶላት፣ በክራንች እየተደገፈች ተመለሰች። ሃፍሳ እንሂድ፣ ሳንጠይቃት ቀረን አለች። ሙዝና ብርቱካን ይዘው ሄዱ። ዕፀገነትን ከቤቱ ደጅ ባለው የኒም ዛፍ ስር ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታ አገኟት። ከስታለች። ስዩም ወንበር አወጣላቸውና ስለ አዳማ ሕክምና ሲያወራ ቆየ፤ በመሐል በመሐሉም፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነግሬያት ነበር፣ ሞተር ለሴት አይሆንም ብያት ነበር ይል ነበር። ከዚህ በፊት ስዩም ይህን ሲል ዕፀገነት እሳት ትሆን ነበር። ዛሬ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

ከማሉዲን የመጣው ሊናገር ነበር። መንገድ ላይ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። ግን እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት እሷ ወደ እሱ ዞር አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ከማል» አለች። «እርስዎ ጥሩ ጎማ ሰጥተውኛል። ፍሬኑን ያበዛሁት እኔ ነኝ። ደንግጬ በኃይል ያዝኩት መሰለኝ። ያ ጎማ ባይሆን ኖሮ እንዲያውም እሞት ነበር።»

ሃፍሳ አላህ አተረፈሽ አለቻት። ከማሉዲን ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ላጠውና ለማን እንደላጠው ጠፍቶት እጁ ላይ ያዘው። ዕፀገነት ቀጥላ አንድ ነገር ለመነችው። ከእንግዲህ ሞተር አትነዳም፤ ሞተሯ ሲጠገን ገዢ ይፈልግላት ዘንድ ነው። ከአሁን በኋላ ታክሲ ትጠብቃለች። አዋሽ አርባም ቢቀር፣ ወንድሟ አዋሽ ከተማ ውስጥ ወደ ቢሮ ሥራ ልትዛወር የምትችልበትን መንገድ እየጠየቀላት ነው። ማስተማሩን ልትተው ነው ማለት ነው።

«እሺ» አላት ከማሉዲን። 

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሃፍሳ ስለ ልጅቱ መክሳት ስታወራ እሱ አልሰማትም። ተመሰገነ። ይህን ነው ሊቋቋመው ያልቻለው። ብትሰድበው፣ ብትከሰው፣ ወንድሟ አንገቱን ቢያንቀው ይሻለው ነበር። እሷ የእሱን ጥፋት አንስታ ራሷ ላይ ጭናው፣ ከእግሯ ስብራት በላይ በዚያ ጎብጣለች።

በማግስቱ ወደ ሰመራ እሄዳለሁ ብሎ ለሃፍሳ ነገራት። ከአራቱ የጭፍራ ጎማዎች መጀመሪያ የተሸጠው አብዱናሲር ለሚባል የወሎ ሰው ነበር። ሰውየው ያኔ አዋሽ ይኖር ነበር፤ በኋላ ሰመራ ቁርስ ቤት ከፍቶ ሄደ። ጎማው ሌላ ሰው ሳይጥል አስወጣዋለሁ ብሎ ተነሳ። እውነት ነው፣ ይህ መደረግ ነበረበት። ግን ስልክ ቁጥሩ ነበረው፤ ቢደውል በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። የሄደው ከአዋሽ ለመራቅም ነው፤ ይህንም ያውቃል።

ጎህ ሲቀድ በሚነሳው ሚኒባስ አዲስ ጎማ ጣሪያው ላይ አስጭኖ ወጣ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ። ገዋኔ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ቁርስ ሲበላ እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው ሞተር አቁሞ ሻይ ይጠጣል፤ የከማሉዲን ዓይን ሰውየውን ትቶ ጎማው ላይ አረፈ። ሚኒባሱ እስኪነሳ ድረስ ከዚያ ጎማ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ሰመራ የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው። የአብዱናሲርን ቁርስ ቤት ማግኘት አላስቸገረውም። አብዱናሲር እንዳየው ተነስቶ ተቀበለው፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ቀረበለት። ከበሩ አጠገብ ሞተሩ ቆሟል። ከማሉዲን ሄዶ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ አየ። የእሱ አይደለም።

የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። ያ የሸጥኩልህ ጎማ ያረጀ ነበር፣ አደጋ ያመጣል ብዬ ልቀይርልህ ነው የመጣሁ አለ። አብዱናሲር አላስጨረሰውም። ወሩን ሳይጨርስ አውጥቶ ጥሎታል። ወደ ሎግያ ሲመላለስ ኩርባ ላይ ሁለቴ ከድቶት፣ አንድ ጎሚስታ ቁጥሩን አንብቦ ዕድሜውን ነገረው።

«ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?» አለ ከማሉዲን። «ደውለህ ብትነግረኝ ኖሮ የቀሩትን አልሸጥም ነበር።»

አብዱናሲር የጠረጴዛውን ላስቲክ በመዳፉ አስተካከለ። የከማሉዲንን ፊት ማየት ያፈረ ይመስል ነበር።

«ያውቁታል ብዬ ነዋ፣ አባ ከማል» አለ በመጨረሻ። «አንቱ ጎማ አያውቁም እንዴ? ሌላ ሰው ቢሆን መጥቼ እጣላው ነበር። እርስዎ ግን በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ተሰልፈን አብረን የሰገድን ሰው ነዎት፤ አፌን አላላውስም ብዬ ተውኩት። ከእርስዎ መግዛቱንም ተውኩ።»

ከማሉዲን ለስላሳውን ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አብዱናሲር ከልቡ እዚሁ ይደሩ ብሎ ለመነው። ያመጡትንም ጎማ መልሰው ይውሰዱ እንጂ እኔ ምን አደርግበታለሁ አለ። ከማሉዲን ጎማውን ትቶለት ወጣ። አልጋ ይዞ አደረና በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈረ።

መንገዱን ሙሉ ያሰበው ያንን ነው። ደውለህ ብትነግረኝ ኖሮ ብሎ ነበር፤ ጥፋቱን ለሰውየው ሊያካፍል። እሸቴም ዝም ብሏል፣ አብዱናሲርም ዝም ብሏል። ግን እነሱ ዝም ያሉት እሱን አክብረው ነው። እሱ ዝም ያለው ማንን አክብሮ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ያካበተው ስም ሰዎች እንዳይናገሩት የሚያደርግ መጋረጃ ሆኖለት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጎማ ቀብቶ ሸጠ። ገዋኔን ሲያልፉ ዕንባው መጣ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አቧራ መስሏት መስኮቱን ዘጋችለት።

አዋሽ ሲወርድ ቀኑ ገና አልመሸም። ቤቱ አልገባም። ኮንቴነሩን ከፍቶ ከዕፀገነት ሞተር ላይ የወጣውን ጎማ አነሳና ትከሻው ላይ አድርጎ በዋናው መንገድ አለፈ። የሚያውቁት ሁሉ ወዴት ነው ከማል ይሉታል። ቶሎ እመጣለሁ ይላል።

ዕፀገነት ኒሙ ስር የፈተና ወረቀት ታርም ነበር። ስዩም ከሥራ ገብቶ ፊቱን ይታጠባል። ከማሉዲን ጎማውን ከፊቷ አስቀመጠና የተሰጠውን ወንበር ትቶ ቆመ።

«ይሄ አስራ ሰባት የኛ አስራ ሰባት አይደለም» አላት። «የፈረንጅ ነው።»

ዕፀገነት ጎማውን አየች። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየው።

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። ጥር።»

«ያኔ ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ደርቆ እንደነበርም አውቅ ነበር። እንዲያበራ ቀብቼ ነው የሰጠሁሽ። ሳምንት ቆይተሽ ነይ ብልሽ አዲስ ይመጣልሽ ነበር፤ የለም ማለት አቃተኝ። የከዳሽ ጎማው ነው፣ ልጄ። እጅሽ አይደለም።»

ስዩም ፎጣውን እንደያዘ ወደ እሱ መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰው ልትገል ነበር አለው፣ ሃይማኖት ያለው ሰው መስለህ አለው፣ ሌላም ብዙ አለው። ከማሉዲን ሁሉንም ተቀበለ። ለሕክምናው የወጣውን ሁሉ እንደሚከፍል፣ ሞተሩንም እንደሚያሠራ ተናገረ፤ ይህንንም ለመመስገን እንዳልተናገረው ጨመረ። ዕፀገነት ወንድሟን በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችው።

«ሌሊት ሌሊት ፍሬን ስይዝ ነው የማድረው» አለች። የምታወራው ከማሉዲንን እያየች ሳይሆን ጎማውን እያየች ነው። «አንድ ወር ሙሉ። ትንሽ ቀስ ብዬ ብይዘው፣ ትንሽ ቀደም ብዬ ባየው እያልኩ። መንዳት አልችልም ነበር ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ ልክ ነበር ማለት ነው እያልኩ። እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ብርቱካን ሲልጡ ይሄን ነግሬዎት ነበር እኮ። ሐኪሞቹ እግርሽ ይድናል ብለውኛል። ይሄኛውን፣ ራሴን መውቀሴን ግን እንዴት ሰምተው ሄዱ?»

 ከማሉዲን ይቅር በይኝ ማለት አማረው፤ ግን ያንን መጠየቅ ሌላ ሸክም መጫን መስሎ ታየውና ዋጠው።

ዕፀገነት አንድ ነገር አዘዘችው። ለመነችው አይባልም፤ አዘዘችው። ሴትና ሞተር ምን አገናኛቸው ያሉት ሰዎች እሸቴ ደጅ ነው የሚሰበሰቡት። አሁን የነገሩኝን እዚያ ሄደው፣ ሰዎቹ ባሉበት ይንገሩልኝ አለች። ከዚያ ወረቀቷን አንስታ ማረም ቀጠለች። እጇ ግን ወረቀቱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከማሉዲን ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አንድም ምልክት አላደረገችም።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ሞተሮቹ እንደ ልማዳቸው እሸቴ ደጅ ሲሰበሰቡ ከማሉዲን ከሱቁ ወጥቶ መካከላቸው ቆመ። ብዙ አልተናገረም። ጎማው የኔ ነበር፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ጎማ ነው፣ እያወቅሁ ነው የሸጥኩላት፣ መምህርቷ የነዳችው በትክክል ነው አለ። መስጊድ በር ላይ ያን ቀን የተናገሩት ሽማግሌም እዚያው ነበሩ። ከዘራቸውን አፈር ላይ ሲያሽከረክሩ ቆይተው፣ ሳይሰናበቱ ሄዱ።  ከባለ ሞተሮቹ አንዱ ወደ ሞተሩ ሄዶ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ቁጥር ማንበብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሌላው። ከማሉዲን ቆሞ አያቸው። ሁሉም ከእሱ የገዙ ናቸው። እሸቴ መጋዙን ይዞ መጣና ኮንቴነሩ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ጎማዎች አብረው ቆራረጧቸው። ጎማው ደርቆ ስለነበር መጋዙ ሲገባበት እንደ እንጨት ነበር የሚጮኸው።

ሱቁ ቀዘቀዘ። አንዳንዱ ሌላ ዘንድ መግዛት ጀመረ። የቀረው ደንበኛ ሲመጣ ከማሉዲን ሳይጠየቅ የጎማውን ዕድሜ በእኛ አቆጣጠር በጠመኔ ጎኑ ላይ ይጽፍለታል። በዚያው ሰሞን ሁለት ሰው «የለም» ብሎ መለሰ። ሲመልሳቸው እንደ ድሮው አላፈረም፤ ደስም አላለውም።

ሐምሌ ላይ ዕፀገነት ያለ ክራንች፣ ትንሽ እያነከሰች እሸቴ ደጅ መጣች። ሞተሩ ተሠርቶ ከቆመ ሰነባብቷል፤ ገዢ አልተፈለገለትም። የኋላ ጎማ ይዛ ነበር፤ ከሌላ ሱቅ የገዛችው። ከማሉዲን ጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ከሩቅ አየው። ጥሩ ጎማ ነው፤ ለአስፋልት የሚሆን፣ በትክክል የተመረጠ። እሸቴ እየገጠመ ሳለ ስዩም ከጎኗ ቆሞ አንድ ነገር ይላታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ሞተሩ ላይ ስትወጣ የታመመውን እግሯን በእጇ አንስታ ነው ያሳረፈችው። እጇን ፍሬኑ ላይ አድርጋ ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች። ከዚያ አስነሳችው።

በሱቁ ፊት ስታልፍ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች።

«እንዴት ዋሉ» አለችው። ጋሽ ከማል አላለችም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እሷ ግን አልፋ ሄዳለች።

ምሳ ሊበላ ቤቱ ሲገባ ለሃፍሳ ዛሬ መምህርቷን አየኋት አላት። ሃፍሳ እጁን ልታስታጥበው ውኃ ይዛ ቆማ ነበር፤ ምን አለችህ አለችው።

«እንዴት ዋሉ አለችኝ» አለ።

ሃፍሳ ውኃውን አፈሰሰችለት። እጁን ረዥም ጊዜ ታጠበ፤ እሷም ሳትቸኩል አፈሰሰችለት።